ሰልባጅ ነው አሉኝ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሰልባጅ አለኝ! የጉምሩክ ፈታሹ አፍንጫውን ካፖርቱ ብብት ውስጥ ከትቶ ሁለቴ አሸተተና «ይሄ ሰልባጅ ነው፣ እህቴ» አለኝ። ከሰልባጁ ይልቅ «እህቴ» ማለቱ አናደደኝ።

ከንዴቴ የተነሳ ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው መስሏል። ከገላን ቡራዩ ድረስ ታክሲ እየቀያየርኩ፣ መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር እየተጨቃጨቅኩ መጣሁ። አንዲት ሴትዮ ፈርታኝ ወንበር ቀየረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦቦ ገመቹ ካፖርቶች ባለፈው ሳምንት ገላን ያለው መጋዘን ገቡ። ኦቦ ገመቹ ሱሉልታ ልብስ ቤት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የጉምሩክ ወረቀታቸውን የምጨርስላቸው እኔ ነኝ። ዕቃው ምን እንደሆነ፣ በየትኛው የታሪፍ ቁጥር እንደሚገባ ዲክላራሲዮኑ ላይ እሞላና እፈርማለሁ። የፈረምኩት እውነት ካልሆነ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ስፈርም ኖርኩ፤ አንድም ቀን ስሜ በክፉ ተነስቶ አያውቅም።

«አዲስ የወንዶች ካፖርት» ብዬ ነው የጻፍኩት። ፈታሹ ዮናታን ከላይ ያገኘውን አንዱን መዘዘ። የተጨማደደ፣ እምክ እምክ የሚል፣ የእጅጌው ጫፍ የቆሸሸ። ከአንድ ካፖርት ተነስቶ ሁሉንም ሰልባጅ አደረገው።

ሰልባጅ ማለት ክልክል ዕቃ ማለት ነው። ይወረሳል፣ ይቃጠላል። እኔም ክልክል ዕቃ በአዲስ ስም ላስገባ የሞከርኩ እባላለሁ፤ ፈቃዴ ይሰረዛል። ከዚያ ወዲያ ምን ሠርቼ እንደምኖር እንጃ። ሌላ ሙያ የለኝም።

ተከራከርኩ። ባሕር ላይ ከርሞ የመጣ ልብስ ሽቶ ሽቶ ይሽተትልህ ወይ አልኩት። የኔኑ ዲክላራሲዮን ገለጠና ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈ። «ካርቶን ይላል። ይሄ ካርቶን ነው?»

ቦንዳ ነበር። በቀበቶ ጥርቅም ተደርጎ የታሰረ የቦንዳ ክምር።

ስወጣ የመጋዘኑ የሌሊት ዘበኛ ጋሽ ደምሴ በር ላይ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ አቀበሉኝ። ተረኛው ሳይመጣላቸው ቀርቶ በዚያ ውርጭ በስስ ሹራብ ቆመዋል። «ያልፋል፣ ልጄ» አሉኝ። ዛሬ ሰው የሚመስል ቃል የሰማሁት ከእሳቸው ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሱሉልታ። ከታክሲ ስወርድ ከብርዱ ብዛት ጆሮዬ የኔ አልመስል አለኝ። እዚህ ከተማ ካፖርት ባይሸጥ የት ይሸጣል?

ኦቦ ገመቹ ሱቃቸው በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ፣ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ፈገግታቸውን ሳይ ልናገር የመጣሁት ሁሉ በጩኸት ወጣ።

ካርቶኑ የት ሄደ? ላስቲኩስ? መስቀያውስ? ማን ነው ቦንዳ ያደረገው?

እሳቸው ናቸው! አምራቹን እያንዳንዱን ካፖርት ከላስቲኩ አውጣ፣ መስቀያውን ጣል፣ ጨፍልቀህ እሰር ብለው ያዘዙት ራሳቸው። «ኮንቴይነሩ አየር ተሸክሞ ከሚመጣ ካፖርት ተሸክሞ ይምጣ አልኩ» አሉኝ፣ በብልሃታቸው እንደኮሩ ሁሉ። ድሮ መርካቶ ተሸካሚ ሳሉ የተማሩት ነው አሉ። ጨርቅ በቦንዳ ነበር የሚመጣው፣ ማንም ምንም አይልም ነበር።

«ኦቦ ገመቹ፣ ልብስ በቦንዳ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሰልባጅ ነው!»

«አዲስ ነው እኮ።»

«አዲስ መሆኑን እኔና እርስዎ ነን የምናውቀው!»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። የኮንቴይነር ቦታ አተርፋለሁ ሲሉ ዕቃው ሁሉ ሊቃጠልባቸው ነው። ይህንንም አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌ ላይ መጮኼ አሁን ያሳፍረኛል፤ እዚያ ሳለሁ ግን አላሳፈረኝም።

ካርቶን ብዬ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳቸውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

እሺ። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ አልዋሽ።

እኛ ትራንዚተሮች ዲክላራሲዮን ከባዶ አንሞላም። የዚያኑ ደንበኛ ያለፈውን ወረቀት እንከፍትና የተለወጠውን ብቻ እንለውጣለን። ብዛት፣ ክብደት፣ ዋጋ፣ የደረሰኝ ቁጥር። ሁላችንም እንዲህ ነው የምንሠራው፤ ያለፈው ካለፈ ይኼኛውም ያልፋል። የኦቦ ገመቹ ያለፈው ዕቃ በካርቶን ነበር የመጣው። የአሁኑ የማሸጊያ ዝርዝር «ቦንዳ» ይላል። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። አላየሁትም። ወይም አይቼው ዓይኔ ዘለለው።

ስለዚህ ዮናታን ያየው ይህን ነው፦ ቦንዳ አለ፣ ካርቶን ተብሏል፣ ልብሱ ይሸታል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ጥርሴ ይፋጫል።

ከሰዓት ደብዳቤው መጣ። «ያገለገለ ልብስ ሆኖ ስለተገኘ…» ይላል። ቅሬታ ካለኝ ሰኞ የታሪፍ ኮሚቴው ገላን ድረስ መጥቶ ዕቃውን ያያል።

ቅሬታ ካለኝ! ያለኝ ቅሬታ ብቻ ነው።

የታሪፍ መጽሐፉን አወጣሁ። አንድ ልብስ ያገለገለ ተብሎ እንዲመደብ ሁለት ነገር መሟላት አለበት። አንደኛ፣ መለበሱ በግልጽ መታየት አለበት። ሁለተኛ፣ በቦንዳ፣ በጆንያ ወይም ያንን በመሰለ ጥቅል መቅረብ አለበት። አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለቱም። ቦንዳውን ሰጥቼዋለሁ፤ የፊርማዬ ስጦታ ነው። መለበሱን ግን ያሳየኝ! መጨማደድ መልበስ አይደለም። መሽተት መልበስ አይደለም። የእጅጌው እድፍ ግን… እሱን ምን እንደምለው አላውቅም።

ለኦቦ ገመቹ ደወልኩና ስለ ካርቶኑ ነገርኳቸው። «ትናንት ስትጮሂብኝ ታውቂ ነበር?» አሉኝ። አውቅ ነበር አልኩ። ስልኩን ዘጉት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ታደለ፣ ባሌ፣ ስንበላ «ሰኞ ስትሄጂ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ ከአያያዝ ይቀደዳል ከአነጋገር ይፈረዳል» አለኝ። የተቀደደስ የኔው ቆዳ ነው አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዓለም ገና ሄድኩ፣ ጽጌ ዘንድ። አብረን ነው የተማርነው። ሰበታ መንገድ ላይ ካሉት ልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የተሰፋውን ልብስ የምትመረምር እሷ ናት። ቀኑን ሙሉ ጉድለት ስትፈልግ ትውላለች፤ ለጓደኝነት አይመችም፣ ለዛሬ ግን ተመቸ።

በምሳ ሰዓቷ በር ላይ ቆመን አወራን። ያልተለበሰ ልብስ በምን ይታወቃል አልኳት። አላቅማማችም።

«ኪሱን እዪው።»

«ኪሱን ምን?»

«ካፖርት ከፋብሪካ ሲወጣ ኪሱ በልል ክር ተሰፍቶ ነው የሚወጣው፣ ቅርጹ እንዳይበላሽ። ከኋላ ያለው ስንጥቅም እንደዚያው። ገዥው ቤቱ ሲገባ ነው ክሩን የሚመዘው። አንቺ እንዲያውም ለሠርግሽ የገዛሽውን ካፖርት ኪስ የውሸት ነው ብለሽ ሳትከፍቺው ለብሰሽ ለብሰሽ ጣልሽው።»

እውነቷን ነው፣ ጣልኩት። አሥራ አንድ ዓመት የካፖርት ታሪፍ ስሞላ ኖሬ የካፖርት ኪስ አላውቅም!

ጽጌ ቀጠለች። አንድ ጊዜ የተለበሰን ካፖርት ክር መልሶ መስፋት ይቻላል፤ ግን ሰልባጅ ነጋዴ ለእያንዳንዱ ልብስ ቁጭ ብሎ ኪስ አይሰፋም፤ ቢሰፋም የመርፌው ቀዳዳ ሁለት ይሆናል። አቀፍኳት። «ውይ፣ አንቺ ደግሞ፣ ሰዎች ያያሉ» አለችኝ።

በመልሱ ዓለም ገና መውጫ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ብዙ ቆምን። ሹፌሩን የሚሰድበው ሰው ብዙ ነበር። እኔ ዛሬ ማንንም አልሰደብኩም፤ ይመዝገብልኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ቡራዩ በጭስ ታፍና አደረች፤ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን በደጁ ያቃጥላል። ዓይኔ እያለቀሰ ገላን ደረስኩ።

ዮናታንን ፊቴ አቁሜ ቦንዳውን አስከፈትኩ። አንድ ካፖርት፦ ኪሱ ተሰፍቷል። ሁለተኛ፦ ተሰፍቷል። ሦስተኛ፣ አራተኛ፦ የኋላው ስንጥቅ ጭምር። «አሁን ያንን የሰኞውን አምጣው» አልኩት።

አመጣው። የኪሱ ክር ተበጥሷል። እጄን ሰደድኩ። ከኪሱ ጥግ ሦስት ፍሬ የሽምብራ ቆሎ ወጣ።

ሳቄ አመለጠኝ። ከዚያ ጮህኩ፣ የታደለን ምክር ረስቼ። «የትኛው አገር ሰልባጅ ነው ቆሎ ቅሞ የሚመጣው? ይሄ የተለበሰው እዚሁ ነው! ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ነው ሳምንቱን የከረምከው!»

ዮናታን ቀላ። ግን ሞኝ አይደለም። «አንቺ የምትዪው አንዱ መለበሱን ያረጋግጥልኛል» አለ። «ማን ለበሰው? መቼ? ካልታወቀ እኔ የማውቀው አዲስ ውስጥ ያገለገለ ተቀላቅሎ መገኘቱን ነው። ቆሎው ሲፈተሽ ሊገባ ይችላል። ሌላው ቦንዳ ውስጥ ስንት አለ? አላውቅም። ለኮሚቴው ይህንኑ እጽፋለሁ።»

ዘወር ስል ፈረቃቸውን ገና ያላስረከቡት ጋሽ ደምሴ በሩ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ሁሉንም ነገረኝ።

አጥሩ ጥግ ወሰድኳቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?» አልካዱም። ሲራገፍ የአንዱ ቦንዳ ቀበቶ ተበጥሶ ነበር። ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሦስት ሌሊት ለበሱት፤ ሲነጋ እንደነበረ አጥፈው ቦታው መለሱት፣ ከላይ። ዮናታን ሰኞ ከላይ ያገኘውን መዘዘ።

በዚህ ሳምንት እንደዚያ የተቆጣሁት ማንም ላይ የለም። ለእኔ ያልፋል እያሉ ቆሎ ሲሰጡኝ፣ ነገሩን ያመጡት ራሳቸው ነበሩ! «አላወቅኩም ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ነገሩ ከዚያ ካፖርት ጋር መያያዙን ዛሬ ነው ያወቅኩት። አትንገሪብኝ። የሰው ዕቃ ለበሰ ከተባልኩ አንድ ቀን አያሳድሩኝም። በዚህ ዕድሜዬ ማን ዘበኛ አድርጎ ይቀጥረኛል?»

ምንም ሳልላቸው ሄድኩ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ብናገር፦ ካፖርቱ ይለቀቃል። ፈቃዴ ይተርፋል። ሽማግሌው ከሥራ ይባረራሉ።

ባልናገር፦ ምናልባት የተሰፋው ኪስ ይበቃል። ምናልባት አይበቃም።

ታደለ ተናገሪ ይላል። እውነት ነው፣ አልዋሸሽም፣ ማንንም አልከሰስሽም ይላል። ልክ ነው። ልክ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩት።

ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ኦቦ ገመቹ! ከሱሉልታ ቡራዩ ድረስ፣ እግራቸውን እያመማቸው። ለመታረቅ ነው የመጡት። «አንቺ አንድ ቃል ረሳሽ፣ እኔ ካርቶኑን በሙሉ ጣልኩ» አሉ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ተቀበሉኝ። የዘበኛውን ነገር ነገርኳቸው።

«ጀርሳ ነው» አሉ፤ ሽማግሌ ነው ማለታቸው ነው። «እኔ ካፖርት የማመጣው ዘበኛ ሊለብሰው ነው። አንዱ ቀደም ብሎ ለበሰው። ቦንዳውን ሁሉ ያስከፍቱ፣ ኪሱን ሁሉ ይዩ። ሽማግሌውን ተዪው።»

«ባይበቃስ?»

ከዘራቸውን ይዘው ለመሄድ ተነሱ። እሺ፣ አልናገርም አልኳቸው። ቃል የገባሁት ሲሄዱ ልባቸው እንዲያርፍ ይሁን ከልቤ፣ አላውቅም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ዛሬ ጾም ገባ። እኔ ከትናንት ጀምሮም ምንም አልቀመስኩም።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ ፊቷ የማይነበብ ሴት ናት። ስድስት ቦንዳ አስፈታች፣ ራሷ መርጣ፣ ከሥር ከመሃል። ካፖርቱን አንድ በአንድ። ኪስ ተሰፍቷል። ተሰፍቷል። ተሰፍቷል። ዮናታን ራሱ ጮክ እያለ ይቆጥርላት ጀመር፤ ይህን አልክድበትም። ስለ ካርቶኑ ሳልጠየቅ ተናገርኩ፤ ገልብጬ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ጻፈችው።

ከዚያ ያንን ካፖርት አነሳች። «ይሄኛውስ?»

ዓይኔን ከእጅጌው እድፍ ላይ አልነቀልኩም።

«ይሄ ተለብሷል። ምክንያቱ ካልታወቀ ተቀላቅሏል ብዬ ለበላይ ከመላክ ሌላ ምርጫ የለኝም። ወራት ሊፈጅ ይችላል። ፈቃድሽም እስከዚያው ይታገዳል። የምታውቂው ነገር አለ?»

ኦቦ ገመቹ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። አፌን ከፈትኩ። ምን ልል እንደነበር ቤት ከገባሁ ወዲህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳስብ ቆየሁ፤ አሁንም አላውቅም። «አላውቅም» ልል ነበር ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። «ሦስት ሌሊት ለብሼዋለሁ። በርዶኝ ነው። ቦታው መልሻለሁ። ሌባ አይደለሁም።»

ሰብሳቢዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ቀናቱን ጠየቀቻቸው፣ መለሱ። የተበጠሰውን ቀበቶ አሳዩ። ቆሎውም የኔ ነው አሉ፤ ሰው ሁሉ ሰማ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። «አዲስ ካፖርት፤ ምድቡ እንደተገለጸው» ብላ ፈረመች። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ስለ ካርቶኑ። አለቀ።

የመጋዘኑ ኃላፊ እዚያው፣ ሁላችንም ፊት፣ ጋሽ ደምሴን ቁልፉን አስረክብ አላቸው። አስረከቡ። ያን ጊዜ ጮህኩ፣ ምን ያደርጋል! እኚህን ሽማግሌ እውነት በመናገራቸው ነው የምታባርራቸው አልኩት። «ጉዳይሽ አልቆልሻል፣ እመቤቴ» አለኝ። ኦቦ ገመቹም በኦሮምኛ ምን እንዳሉት ባልጽፍ ይሻላል።

ዞር ስንል ጋሽ ደምሴ ሄደዋል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ካፖርቶቹ ዛሬ ጠዋት ተጭነው ሱሉልታ ሄዱ። ዲክላራሲዮኔን አስተካክዬ፣ ማሸጊያው ላይ «ቦንዳ» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ ደምሴ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ለመጋዘኑ ባለቤት ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። አንደኛው ስድብ ስለነበረበት ቀደድኩት። ሁለተኛውን አስገባሁ። የተቀበለችኝ ልጅ ሳታነበው ክምር ላይ ጣለችው።

የጋሽ ደምሴን ስልክ ከተረኛው ዘበኛ ለምኜ አገኘሁ። ኦቦ ገመቹ ጠይቂልኝ ብለውኝ ነበር፤ ሱሉልታ ሱቃቸውን የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋሉ። ምን ብዬ እንደምጀምር በወረቀት ጽፌ ደወልኩ። መጀመሪያ ይቅርታ፣ ከዚያ ምስጋና፣ ከዚያ ሥራው።

አነሱ። «አስቴር ነኝ፣ ጋሼ፣ የካፖርቱ» አልኩ።

«ተለቀቀ?» አሉኝ፣ ወረቀቴን ሳልጀምር።

«ተለቀቀ።»

«ያንቺስ ወረቀት? አልነጠቁሽም?»

«አልነጠቁኝም።»

«እሰይ» አሉ። «እሰይ፣ ልጄ።» የሱሉልታውን ነገር ስነግራቸው «ከሚስቴ ጋር ልማከር፣ ሩቅ ነው» አሉ። ይቅርታውን አላልኩትም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወረቀቱ እጄ ላይ ቀረ።

ከሰኞ እስከ ሰኞ የምቆጣበት ሰው አጥቼ አላውቅም ነበር፤ ዮናታን፣ ኦቦ ገመቹ፣ ታደለ፣ ሽማግሌው። አሁን ቁጣው እንዳለ አለ፣ የሚያርፍበት ግን ራሴ ብቻ ነኝ። ነገ መልሼ እደውላለሁ።